የልጅ ልጆችዎ የዌልስ ሐረግ

ካርዲፍ፣ ዌልስ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ልጆቹም ደኅና ናቸው፣ ዘወትር ስለ እርስዎ ይጠይቃሉ። ይህን ደብዳቤ ወንድሜ ሲያነብልዎ እንዳይቸኩል ይንገሩት፤ ብዙ ነገር ስላለበት ቀስ ተብሎ ቢነበብ፣ ቢያስፈልግም በሁለት ቀን ቢከፈል ይሻላል። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ልንጋባ ስንል የእኛን ወገን ሰባት ቤት ቆጥረው ሲያበቁ የባለቤቴን ወገን ጠይቀው ነበር፤ እርሱም የአያቱን ስም ጠርቶ ከዚያ ወዲያ መቀጠል አልቻለም። እርስዎ ለእንግዳው አክብሮት ብለው ነገሩን አላጠበቁትም። እኔ ግን ልጆች ከወለድን ወዲህ ግማሽ ሐረጋቸው ሳይታወቅ መቅረቱ ከልቤ ሊወጣልኝ አልቻለም። አሁን መልሱን ይዣለሁ። በማስረጃ የቆመ መልስ ስለሆነ፣ በየት በየት አልፈን እንደደረስንበት በዝርዝር ልንገርዎ፤ ከዚያ በኋላ ከእርስዎ የምለምነው አንድ ትልቅ ነገር አለኝ።

በቅድሚያ ደስ የሚያሰኝዎትን ላስቀድም። የዌልስ ሰዎች ዘር መቁጠር የማያውቁ ሕዝብ አይደሉም። ጄራልድ የተባለ የአገሩ የቤተ ክህነት ሰው በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስለ ዌልስ ሲጽፍ፣ ተራው ሕዝብ እንኳ አያት ቅድመ አያቱን አልፎ እስከ ስድስትና ሰባት ትውልድ፣ ከዚያም በላይ፣ በቃሉ እንደሚቆጥር መዝግቧል። ምክንያቱ ለእርስዎ እንግዳ አይሆንም፤ ርስት ነው። በጥንቱ የዌልስ ሕግ መሬት በዘር ይወረስ ነበር፤ ሰው ሲገደልም የደም ካሣውን የሚከፍለውም የሚቀበለውም ዘመድ አዝማድ ስለነበረ፣ ወገኑን መቁጠር የማይችል ሰው መብቱንም ዕዳውንም አያውቅም ማለት ነው። የስም አወጣጣቸውም እንደ እኛው ነበር፤ ልጅ የአባቱን ስም ያስከትላል፣ ሴትም አግብታ ብዙ ጊዜ በአባቷ ስም ትጠራለች፣ ለቤተሰቡ ሁሉ የሚሆን ቋሚ ስም ግን አልነበራቸውም።

በ1536 እና በ1543 የወጡት ሕጎች ዌልስን ከእንግሊዝ ጋር ሲያዋህዱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ሲሆን፣ መኳንንቱ የአባታቸውን ስም የቤተሰብ መጠሪያ አድርገው አጸኑት። የገጠሩ ሰው፣ በተለይ በምዕራብና በሰሜን፣ የድሮውን ሥርዓት እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን፣ አንዳንዱም እስከ 19ኛው መጀመሪያ ድረስ ይዞ ቆይቷል። በዚያ ዘመን የሚወጣው የክርስትና ስም ጥቂት ስለነበር፣ መጠሪያው ሲጸና አገሩ ሁሉ ጆንስ፣ ዴቪስ፣ ዊሊያምስ፣ ኢቫንስና ቶማስ ሆነ። የባለቤቴ ቤተሰብ መጠሪያ ደግሞ ከሁሉም የበዛው፣ ጆንስ ነው። በዌልስ መዝገብ ውስጥ ጆን ጆንስን መፈለግ ገበያ መሐል ቆሞ "አበበ!" ብሎ እንደ መጣራት ነው፤ ብዙ ሰው ዘወር ይላል፣ የሚፈለገው ግን የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ስለዚህ እዚህ አገር ሰውን ከሰው የሚለየው የተወለደበት አጥቢያና የኖረበት እርሻ ነው። እያንዳንዱ እርሻ የራሱ ስም አለው፤ ሰውም በሕይወት ሳለ በእርሻው ስም ይጠራል፣ ሲሞትም የመቃብሩ ድንጋይ ላይ ከስሙ ሥር የእርሻው ስም ይቀረጻል። ይህን አስቀድማ የነገረችን የባለቤቴ አክስት ናት፤ የአባቱ እኅት ስትሆን ዕድሜዋ ገፍቷል፣ አእምሮዋ ግን ብሩህ ነው። "አያቴ የሮንዳ ሰው አልነበረም፤ አባቱ ከካርዲጋንሺር ነው የመጣው" ብላ የእርሻውን ስም ጠራችልን። ያ አንድ ስም ባይኖር ኖሮ ወረቀቱ ሁሉ ምንም ባልጠቀመን ነበር። ካርዲጋንሺር በምዕራብ ዌልስ ያለ ገጠር ነው፤ ሮንዳ ደግሞ ከካርዲፍ በስተሰሜን ያለ ሸለቆ ነው፤ በ1851 አንድ ሺህ ሰው የማይሞላው የበግ አገር ነበር፣ ከሰል ሲወጣበት ግን በ1911 ከ150 ሺህ በላይ ሕዝብ ሰፈረበት። ከምዕራብ ገጠር መሬት የጠበባቸው ወጣቶች ወደዚያ ጎርፈዋል፤ የልጆቼም አባቶች ከእነርሱ ጋር ነበሩ።

የአክስትየው ቃል ውድ የሆነበት ሌላም ምክንያት አለ። የሕዝብ ቆጠራው ዝርዝር ለሕዝብ የሚከፈተው መቶ ዓመት ሲሞላው ስለሆነ፣ እስካሁን የተከፈተው የመጨረሻው የ1921 ቆጠራ ነው። የ1931 ቆጠራ በ1942 በእሳት ተቃጥሏል፤ የ1941ዱ በጦርነቱ ምክንያት ጨርሶ አልተካሄደም። በ1939 ጦርነቱ ሲጀመር የተደረገው ምዝገባ ባይኖር ኖሮ፣ ለዚያ ትውልድ ከአረጋውያን ቃል በቀር የቤተሰብን ሁኔታ በአንድ ላይ የሚያሳይ ሰነድ አይገኝም ነበር።

ከ1921 ወደ ኋላ ግን መንገዱ ሰፊ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት መመዝገብ የጀመረው በ1837 ሐምሌ 1 ቀን ነው። የጋብቻው ወረቀት የሙሽራውንም የሙሽሪቱንም አባት ስምና ሥራ ይይዛል፤ የልደቱ ወረቀት እናቲቱ ከማግባቷ በፊት የነበራትን መጠሪያ ይሰጣል። ቆጠራው ከ1841 ጀምሮ የቤቱን ሰው ሁሉ በስም ይዘረዝራል፤ ከ1851 ጀምሮ የተወለደበትን አጥቢያ ይጨምራል፤ በ1891 ደግሞ በዌልስ እያንዳንዱ ሰው የሚናገረው ዌልሽ ይሁን፣ እንግሊዝኛ ይሁን፣ ወይም ሁለቱንም ይሁን ተጠይቋል። የባለቤቴ ቅድመ አያት አባት በዚያ ዝርዝር ውስጥ ሮንዳ ላይ ከሰል ቆፋሪ ሆኖ፣ ዌልሽ ብቻ እንደሚናገር ተጽፎ አገኘነው። ባለቤቴ ይህን ሲያነብ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ እርሱ ያንን ቋንቋ አይናገርም።

ከዚህ ሰው ወደ ላይ ስንሄድ ሐረጉ ተቋረጠ። በ1860ዎቹ መጀመሪያ የተመዘገበው የልደት ወረቀቱ የእናቱን ስም ይዟል፣ የአባት ቦታ ግን ባዶ ነው። እናቱ ያላገባች የእርሻ ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ጆንስ የሚለውም መጠሪያ የእርሷ ነው። አስተውለው ይመልከቱት አባቴ፤ ይህ ቤተሰብ ከአባት የወረሰው መስሎት የሚኮራበት ስም ከአንዲት ድኻ ሴት የመጣ ነው። ልጇን ይዛ፣ በሰው ቤት እየሠራች፣ አሳድጋዋለች። እኔ ስሟን ለልጆቼ አስተምሬያቸዋለሁ፤ እርስዎም በዚህ አያፍሩብኝ።

ዲኤንኤ፣ ማለትም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው የዘር መረጃ፣ የረዳን እዚህ ላይ ነው። ምርመራው በብልቃጥ ውስጥ ምራቅ ተፍቶ በፖስታ መላክ ብቻ ነው፤ ትርጉሙን መረዳት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ልጅ ከእናቱ ግማሽ፣ ከአባቱ ግማሽ ይወስዳል፤ የትኛው ግማሽ እንደሚደርሰው ግን ዕጣ ነው፣ ስለዚህ ወንድማማቾች እንኳ አንድ ዓይነት አይሆኑም። የአጎትና የአክስት ልጆች በአማካይ ከስምንት እጅ አንዱን እጅ ይጋራሉ። አራት ትውልድ ወደ ላይ ወጥተው በአምስተኛው የሚገናኙ ዘመዳሞች ግን ከሁለት ጥንድ በአንዱ ገደማ በምርመራ የሚታይ ነገር አይገኝባቸውም፤ ዝምድናቸው እውነት ሆኖ ሳለ ደሙ አይመሰክርም። ስለዚህ ከባለቤቴ ይልቅ ለጥንቱ አንድ ትውልድ የምትቀርበው አክስቱ እንድትመረመር ጠየቅናት። ያልታሰበ ምሥጢር ሊወጣ እንደሚችል አስቀድመን ነግረናት፣ አስባበት ፈቀደች።

ውጤቱ ሲመጣ በማናውቃቸው መጠሪያዎች የሚጠሩ በርካታ ዘመዶች ተገኙ፤ የየራሳቸውን ሐረግ ስንከታተል ሁሉም በዚያው በካርዲጋንሺር በጎረቤት አጥቢያ ከኖሩ አንድ ባልና ሚስት ይወርዳሉ። የ1861 ቆጠራ ሲታይ ያቺ ሠራተኛ በእነዚያው ባልና ሚስት ቤት፣ ከወንዶች ልጆቻቸው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ተመዝግባለች። ከልጆቹ አንዱ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ኦሃዮ ተሰዶ ነበር፤ ከ1830ዎቹ ጀምሮ ብዙ የካርዲጋንሺር ሰዎች የሄዱት ወደዚያ ነው። ከእርሱ በወንድ በወንድ የሚወርድ አንድ ሰው ወንዶች ብቻ የሚይዙትን የዲኤንኤ ክፍል፣ ዋይ ክሮሞሶም የሚባለውን፣ አስመርምሮ ነበር፤ ይህ ክሮሞሶም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚሻገር ስለሆነ ባለቤቴም አስመረመረ፣ የሁለቱም ገጠመ። ወንድማማቾች የሚይዙት ዋይ ክሮሞሶም አንድ ዓይነት ስለሆነ ከእነርሱ የትኛው አባት እንደሆነ በዚህ አይለይም፤ ቤቱ ግን ያ ቤት ነው። የቤቱ አባወራ ከልጆቼ አባት ጀምሮ ሲቆጠር ሰባተኛው ነው።

ስምንተኛውንም አግኝተናል። በአበሪስትዊዝ ከተማ ያለው የዌልስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከ1858 በፊት በቤተ ክህነት ፍርድ ቤት የጸደቁትን የዌልስ ኑዛዜዎች ፎቶ አንሥቶ በነጻ ለሕዝብ አቅርቧል፤ ከ190 ሺህ በላይ ናቸው። በዚያ ውስጥ የአባወራው አባት ኑዛዜ አለ፤ ላሞቹን፣ አልጋውንና ምጣዱን ሳይቀር ለልጆቹ በስም በስም ሲያካፍል ይነበባል። ከዚህ በላይ ያለው የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው፤ ብዙዎቹ ሰዎች ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ወጥተው በየራሳቸው ጸሎት ቤት ያጠምቁ ስለነበር ክፍተቱ ሰፊ ነው፣ በዚያ አላደክምዎትም።

ምርመራ አድራጊዎቹ ስለሚልኩት "ከዚህ አገር ይህን ያህል በመቶ" ስለሚለው ክፍል እምነት አልጣልኩበትም። በ2015 የታተመ ትልቅ ጥናት አራቱም አያቶቻቸው በአንድ አካባቢ የተወለዱ ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎችን መርምሮ የሰሜን ዌልስና የደቡብ ዌልስ ሰዎች እንኳ እርስ በርሳቸው እንደሚለዩ አሳይቷል፤ ይህ ትልቅ ዕውቀት ነው። ለአንድ ሰው የሚላከው መቶኛ ግን ከሌሎች ተመርማሪዎች ጋር በማነጻጸር የተሰጠ ግምት ነው፤ ከእኛ አገር የተመረመረው ሰው ጥቂት ስለሆነ ለእኛ ደግሞ ይበልጥ ይደክማል።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። የልጅ ልጅዎ ወንዱ ያንን የካርዲጋንሺር ዋይ ክሮሞሶም ይዟል። ሁለቱም ልጆች ግን ከእናት ብቻ የሚወረሰውን፣ ሚቶኮንድሪያ የሚባለውን ክፍል የያዙት ከእኔ ነው፤ እኔ ከእናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እርሷም ከእናቷ። በዌልስ በኩል ያሉትን ሰዎች እስከ ስምንት ቤት በስምና በቦታ ጽፌአለሁ፤ በእናቴ በኩል ያለውን የእናት ሐረግ ግን ከሁለተኛዋ በላይ አላውቀውም። ርስት በእናትም በአባትም እንደሚቆጠር ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ነገር ግን ስናወርድ የለመድነው የወንዶቹን ስም ብቻ ነው። ለእነርሱ የተጻፈ የልደት ወረቀት የለም፣ ቆጠራም የለም፤ ያለው በእርስዎና በእትዬ ዘንድ ነው።

ስለዚህ ለፋሲካ ወንድሜ ሲመጣ በስልኩ ድምፅዎን ይቅዳልኝ። ሰባቱን ቤት እንደ ወትሮው ይቁጠሩ፤ ለእያንዳንዱ ግን ሚስቱ ማን እንደነበረች፣ የማን ልጅ እንደሆነች፣ ከየትኛው ደብር እንደመጣች ይጨምሩልኝ። የክርስትና ስማቸውን የሚያውቁትን አይተዉት። ዓመቱ ባይታወቅም ከክፉ ቀን በፊት ይሁን በኋላ፣ ዓድዋ የዘመተ ይሁን፣ ከማይጨው የተመለሰ ይሁን፣ ይህን ካሉልኝ ዘመኑን እኔ አሰላዋለሁ። የሞተ ሕፃንም ቢሆን፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደም ቢሆን አይዝለሉብኝ። ከደከሙ ያቋርጡና በሌላ ቀን ይቀጥሉ። እትዬም አብራ ትቀመጥ፤ የእናቴን የእናት ወገን ከእርሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም። እርሷ የምትለው ከእርስዎ ቃል ቢለይ፣ ወንድሜ አንዱን መርጦ ሌላውን ሳይተው ሁለቱንም እንዳሉ ይቅዳቸው።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

የሚወድዎ ልጅዎ