የጢስ ዓባይ ድንጋይ ግራናይት አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ጎጃም የግንባታ ድንጋይ ባስነበባችሁት ጽሑፍ ጢስ ዓባይ የሚወረወርበት ገደልም፣ በባሕር ዳር ዙሪያ የሚፈለጠው ጥቁር ድንጋይም «ግራናይት» ተብለዋል፤ ሁለቱም ግን ባዛልት ናቸው። በእናንተ ብቻ አልተጀመረም፤ የንጣፍ ነጋዴዎች ሲወለወል የሚያበራውን ጠንካራ ድንጋይ ሁሉ ግራናይት ይሉታል። ሱቅ ውስጥ ብዙ አይጎዳም። ለመሠረት፣ ለጠጠር ወይም ለወፍጮ ድንጋይ ለሚመርጥ ሰው ግን ልዩነቱ ገንዘብ ነው።

ግራናይትም ባዛልትም ከቀለጠ አለት የተወለዱ ናቸው። ግራናይት ከምድር ወለል ኪሎ ሜትሮች ወርዶ፣ በላዩ የተደረበው አለት ሙቀቱን ይዞለት፣ እጅግ ረጅም ዘመን ወስዶ ይቀዘቅዛል። ቅንጣቶቹ የማደጊያ ጊዜ ስላገኙ በዓይን ይለያሉ፤ ብርጭቆ የሚመስለው ኳርትዝ፣ ነጭ ወይም ሮዝማው ፌልድስፓር፣ በጥፍር የሚላጠው ማይካ። የእኛው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው። ከ1,100 እስከ 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግሎ ወደ ላይ ወጥቶ ፈሰሰ፤ አየር ላይ ፈጥኖ ስለረጋ ቅንጣቱ ያለ ማጉያ መነጽር አይለይም። ያው ቅልጥ ከታች ቢቀር ኖሮ ጋብሮ ይሆን ነበር። የግራናይቱ ቅልጥ ደግሞ ገንፍሎ ቢወጣ ራዮላይት ይባላል። በገበያ «ጥቁር ግራናይት» የሚሉት ንጣፍም አብዛኛውን ጊዜ ጋብሮ ወይም የእሱ ዘመድ ዶለራይት ነው።

በይዘት በኩል መለኪያው ሲሊካ፣ ማለትም ኳርትዝ የተሠራበት ውህድ፣ ነው። ባዛልት ውስጥ ከ45 እስከ 52 በመቶ፣ በመካከል ባለው እሳተ ገሞራዊ ድንጋይ በአንዴሳይት ውስጥ እስከ 63 በመቶ፣ ግራናይትና ራዮላይት ውስጥ 70 በመቶ አካባቢ ይገኛል። ሲሊካው ሲበዛ ቅልጡ ይወፍራል፣ ጋዙንም አፍኖ ይዞ ይፈነዳል። የባዛልት ቅልጥ ግን እንደ ቀጠነ ሊጥ ሩቅ ይሄዳል። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አገሩን ያለበሰው እንዲህ ያለው ፍሰት ነው፤ ጮቄም በላዩ ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደ ተደፋ ጋሻ ሰፍቶ ያደገ እሳተ ገሞራ ነው። የጢስ ዓባይ ባዛልት ከእነዚህ ሁሉ በጣም ያነሰ ዕድሜ አለው። ጎጃም ግራናይት የለውም ማለት ግን አይደለም፤ ወደ መተከል ቆላ ሲወረድ፣ ባዛልቱ የተራቆተበት ቦታ፣ ግራናይትም ያለበት ጥንታዊው መሠረት አለት ብቅ ይላል።

ቀለም ብቻውን ያታልላል። ባልጩት እንደ ከሰል ጠቁሮ ይዘቱ ግን ወደ ግራናይት የቀረበ ነው፤ ቅንጣት እስኪሠራ ሳይጠብቅ መስተዋት ሆኖ ደረቀ። ስለዚህ ድንጋዩን በመዶሻ ስበሩና አዲሱን ገጽ ፀሐይ ላይ እዩት፤ ያረጀው ቡናማ ቅርፊት ምንም አይናገርም። ደህና ባዛልት ሲመታ እንደ ብረት ይጮኻል፣ የበሰበሰው «ዱብ» ይላል። በጥቁሩ መካከል የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ ነጫጭ ፌልድስፓሮች ቢታዩ ጉድለት አይደለም፤ ከታች እያለ ማደግ ጀምሮ ላይ ወጥቶ በችኮላ የረጋ ቅልጥ ነው።

የሚያሳስበው ሌላ ነጭ ነው፤ ጋዝ ትቶት የሄደውን ክብ ቀዳዳ በኋላ የሞላው። ካልሳይት ከሆነ በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይንተከተካል። ዚዮላይት የሚባለው ውኃ ያዥ ማዕድን ወይም አረንጓዴ ሸክላ ከሆነ ግን ክረምት እየጠጣ በጋ ሲደርቅ ድንጋዩን ያፈራርሳል፤ ለመንገድ ጠጠር አይሁን። ሚዛን ያለው ሰው የደረቀውን ድንጋይ ይመዝን፣ ከዚያ በገመድ አንጠልጥሎ ውኃ ውስጥ እንዳለ ይመዝነው። ደረቁ 2.9 ኪሎ፣ ውኃ ውስጥ 1.9 ኪሎ ቢመጣ፣ 2.9ን ለልዩነቱ ለ1 ማካፈል ነው፤ 2.9 ይሆናል፣ ማለትም ከውኃ 2.9 እጥፍ ይከብዳል፤ ደህና ባዛልት ነው። ግራናይት 2.65 አካባቢ ነው። ቀዳዳ የበዛበት ወይም የበሰበሰ ባዛልትም ዝቅ ስለሚል ሚዛኑ ያለ ዓይን አይበቃም።

ቀዳዳ ሁልጊዜ ነውር አይደለም። ወፍጮና መጅ የሚጠረበው ጥቃቅን ቀዳዳ ካለው ባዛልት ነው፤ ሲያልቅ አዲስ የቀዳዳ ጠርዝ ስለሚወጣ እህሉን ይነክሳል፣ ድፍኑ ግን ቶሎ ይለሰልስና ቶሎ ቶሎ ይወቀራል። በጣም የሳሳው ደግሞ ዱቄቱን አሸዋ አሸዋ ያሰኘዋል። በእንጅባራ ዙሪያ ካሉት ትናንሽ ጉብታዎች የሚዛቀው ቀይ ስኮሪያም ያው ባዛልት ነው፤ በጋዝ ተነፍቶ ተረጭቶ፣ ብረቱ በትኩሱ ስለዛገ ቀላ። ለብሎኬት ቀላል ነው፣ ለመሠረት ግን አይታመንም።

እርማት የምታወጡ ከሆነ «ባዛልት» በሉት። ግንበኞች የሚሉት «ጥቁር ድንጋይ» ራሱ ከ«ግራናይት» ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባል።

አንድ የሥነ ምድር ባለሙያ፣ ከደብረ ማርቆስ