ተሸንፈሽም ቢሆን ደውይልኝ

የኔ እናት እንዴት ነሽ፣ እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን፣ የደሴ ብርድ ከጦሳ ተራራ እየወረደ ከቤት አላስወጣ ብሎን ነው እንጂ። ከቴኒስ ውድድሩ በመጀመሪያው ጨዋታ ተሸንፈሽ መውጣትሽን የሰማሁት ከወንድምሽ ነው። አንቺማ ስልክ ካነሳሽልኝ ይኸው ዛሬ ዘጠኝ ቀንሽ፣ ቆጥሬዋለሁ።

ጭንቀቴን አይቶ ነው መሰለኝ ወንድምሽ በስልኩ ኦንስ ጃቤርን ከፍቶ አሳየኝ፣ ያቺን ግድግዳሽ ላይ የለጠፍሻትን ቱኒዚያዊት። ገና በ3 ዓመቷ ቴኒስ ያስጀመረቻት እናቷ ሰሚራ ናት አለኝ፣ ክለባቸው የራሱ ሜዳ ስላልነበረው ሆቴል ሜዳ ላይ ነበር የምትለማመደው። እኔ ደግሞ ኳሱን ከግቢው ግንብ ጋር ስታላጊ ጎረቤት ተማረረ ብዬ፣ ማትሪክ እስኪያልፍም ብዬ፣ ራኬትሽን ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፍኩብሽ። ሁለት ወር ሙሉ አላናገርሽኝም። አውፍ በይኝ ልጄ፣ ይሄን በስልክ ማለት አቅቶኝ ነው የምጽፈው።

ልጅቷ በ2011 የፈረንሳይ ኦፕንን በታዳጊዎች አሸንፋ ከዛ ትልልቆቹ ጋር ገብታ ግራንድ ስላም ከሚሏቸው ከአራቱ ትልልቅ የቴኒስ ውድድሮች የአንዱ ፋይናል እስክትደርስ 11 ዓመት ፈጀባት። ደርሳም አልቀናትም። በ2022 ዊምብልደን ፋይናል ላይ የመጀመሪያውን ዙር 6ለ3 ወስዳ ቀጥሎ ሁለቱን 6ለ2፣ 6ለ2 ተረታች፣ በዛው ዓመት ዩኤስ ኦፕን ፋይናል ላይም ተሸነፈች፣ በ2023 ዊምብልደን ፋይናል ተመልሳ ገብታ አሁንም ተሸነፈች። ይቺ እኮ ማድሪድ ላይ ዋንጫ የበላች፣ የዓለም 2ኛ የነበረች፣ ከአረብ ሴቶች ግራንድ ስላም ፋይናል ለመድረስ የመጀመሪያዋ ናት!

የመጨረሻውን ሽንፈቷን ቪዲዮ ሁለቴ አስደገምኩት። ያን ሁሉ ሰው ፊት እንባዋ ዱብ ዱብ ሲል የእንግሊዟ ልዕልት አቅፋ ስታባብላት አየሁ፣ እኔ ግን አይኔ እናቷን ነበር የሚፈልገው። የኔዋስ ብቻዋን በሯን ዘግታ ነው የምታለቅሰው ብዬ ሌሊቱን ሳልተኛ ነጋ።

በሶና ዳቦ ቆሎ በነገው አውቶብስ እልክልሻለሁ፣ በሶው ከልምምድ በኋላ ይሁንልሽ። ከመግሪብ በኋላ ስልኩን አጠገቤ አድርጌ ነው የምቀመጠው። ስለ ጨዋታው ማውራት ካልፈለግሽ አንስቼም አልጠይቅሽ፣ ድምፅሽን ብቻ አሰሚኝ።

እናትሽ፣ ከደሴ