ስለ ዋቢዎቹና ስለ እናታችን ስም

ደሴ፣ ሆጤ

ይድረስ ለወንድም ዓለም፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ደኅና ነኝ። ስለ ዝምታዬ ብዙ ሰበብ መደርደር እችል ነበር፤ ሰበቦቼን ግን ከእኔ ይልቅ አንተ ስለምታውቃቸው ይቅርታህን ብቻ ለምኜ ልለፍ። የአንተም ዝምታ ከእኔ የማያንስ መሆኑን ሳላነሣ ብቀር ደግሞ ወሎዬነቴን የካድሁ ይመስልብኛል። ስለዚህ ተካክለናልና አብሽር።

ብዕር ያስነሣኝ ናፍቆት ብቻ ነው ብልህ አታምነኝም። አብረን የምናዘጋጀው የታሪክ መጽሐፍ ለማተሚያ ቤት እየተሰናዳ ነው። ጽሑፉ ታርሟል፣ ፎቶግራፎቹም ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል፤ ያልተቋጨው ዋቢው፣ የምንጮቹ ዝርዝር ነው። «ዋቢ ደግሞ ከኋላ የሚለጠፍ ነገር አይደለም ወይ?» እንደምትል አውቃለሁ፤ ማጣቀሻህን በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ የምትጽፍ ሰው ሌላ ምን ልትል ትችላለህ? ከዋቢው ጋር የተያያዘ አንድ ሌላ ጉዳይም አለ፤ እርሱን ግን አሁን ከማነሣው ወደ ታች ላቆየው።

ከዎርድ ወጥተን በትእዛዝ መጽሐፍ ወደሚያሰናዳው ወደ ላቴክ እንግባ ብለህ ያሳመንኸኝ አንተ ስለሆንህ፣ የደረሰብኝን ጣጣ መስማት ግዴታህ ነው። ያስተማርኸኝ ቢብቴክ በ1985 እ.ኤ.አ. የተሠራ የዋቢ ማሰናጃ መሣሪያ ነው፤ በተሠራበት ዘመን የዓለምን ፊደላት ሁሉ ለኮምፒውተር በአንድ ሥርዓት የሚያስቀምጠው ዩኒኮድ የሚባል ነገር አልነበረም። አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ (UTF-8) ሦስት ባይት ይይዛል፤ ቢብቴክ ግን የደራሲን ስም ወደ አንድ ፊደል ሲያሳጥር ከሦስቱ ባይት አንዱን ብቻ ቆርጦ ስለሚያስቀር፣ በገጹ ላይ የሚወጣው ፊደልም ያልሆነ፣ ባዶም ያልሆነ አንዳች ነገር ነው። ከዚያ በኋላ በላቴክ ውስጥ ዋቢ ወደሚያበጀው ወደ ቢብላቴክና የመደርደሩን ሥራ ወደሚሠራለት ወደ ቢበር ዞርሁ። ቢበር ዩኒኮድን አብጠርጥሮ ያውቃል፤ ዩኒኮድን ከሚያነበው የላቴክ ዓይነት ከዜላቴክ ጋር ሲሠራም የእኛን ፊደል ያለ አንዳች ማባበያ ያነብባል። ሥርዓቱን ብቻ መጠበቅ ነው፦ መጀመሪያ ዜላቴክ፣ ቀጥሎ ቢበር፣ ከዚያም ዜላቴክ ሁለት ጊዜ ይሮጣል። ቢበርን የረሳህ እንደሆነ በማጣቀሻው ፈንታ ለምንጩ የሰጠኸው የምሥጢር ስም በደማቅ ፊደል ተጽፎ ታገኘዋለህ። አንተ ለአንድ ምንጭ «ያ_ቀበጥ_ሰውዬ» የሚል ስም ሰጥተህ ነበር፤ ያንን ረቂቅ ለአርታኢው ከመላኬ በፊት ያየሁት በእናትህ ዱዓ ነው።

ዋናው ችግር ዝርዝሩ አንድ አለመሆኑ ነው። በአገራችን የታሪክ አጻጻፍ ልማድ ያልታተመው ከታተመው፣ የቃሉ ከጽሑፉ ተለይቶ እንደሚቀመጥ ታውቃለህ። የሐይቅ እስጢፋኖስን የብራና ወንጌል ከአዲስ አበባ የጋዜጣ ጽሑፍ ጋር በአንድ ዓምድ ማሰለፍ አልፈለግሁም፤ የወሎ የእስልምና ማእከላት የሆኑትን የጀማ ንጉሥን፣ የዳናንና የጌታን የዐጀም (በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ የአማርኛ) መንዙማ የተረኩልንን አባቶች ደግሞ ከታተመ መጽሐፍ ደራሲ ጋር ማደባለቅ ለሁለቱም አይበጅም። ስለዚህ ምንጮቹን ሁሉ በአንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጬ ለእያንዳንዱ «ብራና»፣ «ቃል» ወይም «ኅትመት» የሚል ቁልፍ ቃል ሰጠሁት፤ በመጨረሻም ዋቢውን አትም የሚለውን ትእዛዝ ለእያንዳንዱ ቁልፍ ቃል ከነርእሱ እየደጋገምሁ ጻፍሁ። ፋይሉ አንድ ሲሆን ዝርዝሩ ሦስት ሆነ። ዝርዝር በጨመርን ቁጥር አዲስ ፋይል እየከፈትን እንሂድ የሚሉ አሉ፤ አንድ ምንጭ በሁለት ፋይል ተጽፎ በአንዱ ሲታረም በሌላው ሳይታረም የቀረበትን መጽሐፍ ያዩ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ቁልፍ ቃል ያልተሰጠው ምንጭ ከሦስቱ በአንዱም ውስጥ አይገባም፤ ፕሮግራሙም ምንም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ማጣቀሻው በጽሑፉ ውስጥ በትክክል ተቀምጦ ይታያል፤ አንባቢው ወደ ኋላ ገልጦ ሲፈልገው ግን የለም። ለዚህ ያገኘሁት መላ፣ ረቂቁ እስኪጸድቅ ድረስ ሦስቱንም ቁልፍ ቃላት የሌላቸውን የሚሰበስብ አራተኛ ዝርዝር ማተም ነው። በዚያ የወላጅ አልባ ዝርዝር ውስጥ የተገኙት ከሞላ ጎደል የአንተ ምዕራፍ ምንጮች መሆናቸውን ብነግርህ ትገረም ይሆን?

ከዚህ ሁሉ በላይ ያደከመኝ የምዕራፎቹ ጉዳይ ነው። እያንዳንዱን ምዕራፍ የጻፈው ሌላ ሰው ስለሆነ በየምዕራፉ መጨረሻ የምዕራፉ ዋቢ፣ በመጽሐፉ መጨረሻ ደግሞ የሁሉም ዋቢ እንዲወጣ ተስማምተን ነበር። ቢብላቴክ ሰነዱን የሚከፍልበት ሁለት መንገድ አለው። ሬፍሴክሽን የሚባለው እያንዳንዱን ምዕራፍ ፈጽሞ ራሱን የቻለ ያደርገዋል፤ አንዱ የጠቀሰውን ሌላው አያውቀውም። ይህ ለጉባኤ ጥራዝ መልካም ነው፤ ለእኛ ግን አልሆነም፤ ምክንያቱም አንድ ደራሲ በአንድ ዓመት ሁለት ሥራ አሳትሞ እንደሆነ፣ ሁለቱም በተጠቀሱበት ምዕራፍ ዓመቱ መለያ ፊደል ሲጨመርበት አንዱ ብቻ በተጠቀሰበት ምዕራፍ ግን ያለ ፊደል ይወጣል፤ አንባቢውም አንዱን መጽሐፍ ሁለት መጽሐፍ ያደርገዋል። ሬፍሴግመንት የሚባለው ግን የተጠቀሰውን በየምዕራፉ ለይቶ ከመመዝገቡ በቀር መለያውን በመላው መጽሐፍ አንድ አድርጎ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ከምዕራፉም ኋላ፣ ከመጽሐፉም ኋላ ማተም ይቻላል። በስም የሚመሳሰሉ ሆነው በሥራ እንዲህ መራራቃቸውን እስክረዳ ድረስ ያሳለፍሁትን ሌሊት ባለቤቴ ትንገርህ።

ስለ ስም ደግሞ ልንገርህና ሳቅ። ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና በ2001 እ.ኤ.አ. በላይደን ከተማ በብሪል የታተመውን የታሪክ ምሁሩን የሁሴን አህመድን መጽሐፍ እኔም አንተም ብዙ ጊዜ ጠቅሰነዋል። አንድ አርታኢ፣ ስሙ ይቆየኝ፣ ረቂቁን ሲመልስልኝ «አህመድ፣ ሁ.» አድርጎ ከ«አ» ሥር አስገብቶታል። አህመድ አባታቸው ናቸው፤ መጽሐፉን አልጻፉትም! የምዕራባውያን ልማድ የቤተሰብ ስምን ስለሚያስቀድም ፕሮግራሙም የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም ነው ብሎ ይገምታል። አንዳንድ ሰዎች ይህን ለማታለል የራስን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ፣ የአባትን ስም በራስ ስም ቦታ ያስገባሉ፤ ይህ በዋቢው ዝርዝር ላይ ደርዝ ያለው ይመስልና፣ ስምን በተራ ቅደም ተከተሉ የሚያትም ቦታ ሲደርስ አባት ከልጁ ቀድሞ ይወጣል። የሚሻለው የኢትዮጵያዊውን ስም በሙሉ በድርብ ጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ማስገባት ነው፤ ያኔ ፕሮግራሙ ሁለቱን ቃል እንደ አንድ ስም ቆጥሮ አይገለብጥም፣ አያሳጥርም፣ በ«ሁ» ሥርም ይደረድረዋል። በጽሑፉ ውስጥ «ሁሴን (2001)» ተብሎ አጠር እንዲል ከፈለግህም ለአጭር የደራሲ ስም የተዘጋጀ ሌላ መስክ አለ። የፈረንጆቹን እንደ ልማዳቸው ተወው።

ፊደላችንም የራሱ ፈተና አለው። ኮምፒውተሩ ሀ፣ ሐ እና ኀ በአነጋገር አንድ መሆናቸውን አያውቅም፤ ሀይሉ በዝርዝሩ መጀመሪያ ሲቀመጥ ኃይሉ ከ«ቸ» በኋላ ይሄድና ሁለቱ ወንድማማቾች በገጾች ይራራቃሉ፤ አለሙና ዓለሙም እንዲሁ። ደራሲው በመጽሐፉ ሽፋን ላይ የጻፈውን ስም ለማቃናት ደግሞ ማን ሾመን? ስለዚህ የሚታተመውን ስም ሳልነካ፣ ለመደርደሪያ ብቻ የሚያገለግለውን መስክ በአንድ ወጥ አጻጻፍ ሞላሁት። ዓመቱም እንደዚሁ ነው፤ በ1965 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ከታተመው ይዘገያል፣ ፕሮግራሙ ግን ቁጥሩን ብቻ አይቶ ያስቀድመዋል። የሚታተመው ዓመት እንዳለ ሆኖ ለመደርደሪያው ዓመት የፈረንጁን ቆጠራ ሰጠሁት። የሐይቁ ወንጌል አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስጻፉት በ1280/81 እ.ኤ.አ. መሆኑን ባስገባ ጊዜ ፕሮግራሙ ያንን እዝባር «ከዚህ እስከዚያ» ብሎ ተረድቶ ብራናው ሁለት ዓመት የፈጀ አስመሰለው፤ የዘመን አቆጣጠራችን ከፈረንጁ ሁለት ዓመት ላይ እንደሚያርፍ ከየት ያውቃል? እርሱንም እንደ ተራ ጽሑፍ አድርጌ አስገባሁና በማይክሮፊልም መዝገብ የሚታወቅበትን 1832 ቁጥር አስከተልሁለት።

እውነቱን ላውጣው፤ ከጽሑፉ ይልቅ ዋቢውን ወደድሁት። ሦስቱ ዝርዝሮች ያለ አንዳች ስሕተት የወጡ ዕለት ሌሊቱን ደውዬ ልቀሰቅስህ ስልኬን አንሥቼ ነበር። ከዚያ ይህን ያህል ጊዜ ሳልደውልልህ ቆይቼ ስለ ኮማና ስለ ቅንፍ ብደውል ምን ይለኛል ብዬ ተውሁት።

እንግዲህ ወደ ታች ያቆየሁት ጉዳይ ይህ ነው። በ«ቃል» ዝርዝር ውስጥ እያንዳንዱ መረጃ ሰጪ ከነስሙ፣ ከነዕድሜው፣ ከነቦታውና ቃለ መጠይቁ ከተደረገበት ቀን ጋር ተመዝግቧል፤ ያለዚህ አንባቢ አያምነንም፣ ገምጋሚውም አያሳልፈንም። በሦስተኛው ምዕራፍ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ቃል የእናትህ ነው። እርሳቸው ያን ቀን ቡናው ሳይነሣ ከካሴቱ ፊት ምን እንዳሉን ታስታውሳለህ፦ «ቃሉን ውሰዱ፤ ስሜን ግን አትጻፉ፣ የሰማሁት ከዱበርቲዎቹ ነው፤ የእኔ አይደለም።» ዱበርቲ የምንላቸው በወሎ ዱዓ የሚያደርጉትን እናቶች መሆኑን አንባቢ ሁሉ ላያውቅ ይችላል፤ እኔ ግን እናትህን በረቂቁ ውስጥ ጠቅሻቸዋለሁ። ቢብላቴክ ለዚህም የሚሆን ነገር አላጣም፤ አንድን ምንጭ በጽሑፉ ውስጥ አስጠቅሶ ከዝርዝሩ ግን የሚያስቀር ስኪፕቢብ የሚባል አማራጭ አለው። በእርሱ ብጠቀም በጽሑፉ ውስጥ «የቃሉ ወረዳ ዱበርቲ» ተብለው ይጠቀሳሉ፤ ከኋላ በዝርዝሩ ላይ ግን አይገኙም።

ነገሩ ቴክኒክ ቢሆን ኖሮ አልቆ ነበር። ይሁንና ያ ሁሉ ወንድ ከነማዕረጉ በተሰለፈበት ዝርዝር ውስጥ እርሳቸው ብቻ አለመኖራቸው፣ እንዴት እንደምልህ አላውቅም፣ አይዋጥልኝም። ያለ ፈቃዳቸው ማስገባትም ፈጽሞ የማላደርገው ነው። ሦስተኛ አማራጭ ያሰብሁት ስማቸውን ትቼ «በራሳቸው ፈቃድ ስማቸው ያልተገለጸ» የሚል መስመር በዝርዝሩ ውስጥ እንዲኖር ነው፤ ለመደርደሪያው ግን የእውነተኛ ስማቸውን መስክ ሰጥቼ፣ የሚያውቃቸው ሰው ሊያገኛቸው በሚገባበት በትክክለኛው ፊደል ሥር እንዲቀመጡ አደርጋለሁ። ይህ ቃላቸውን ማክበር ነው ወይስ በዘዴ ማፍረስ? አንተ ልጃቸው ነህና ፍረድ፤ ከመፍረድህ በፊት ግን ሄደህ ራሳቸውን ጠይቃቸው። እኔ ብሄድ ከማፈሬ የተነሣ ያመጣሁትን ስኳር አስቀምጬ ሳልጠይቅ እመለሳለሁ።

የአንተንም ምንጮች ላክልኝ። በምትችለው መንገድ ጻፈው፤ ለእያንዳንዱ ግን ከሦስቱ ቁልፍ ቃላት አንዱን ስጠው፣ የሰዎቹን ስም በድርብ ቅንፍ አስገባ፣ በየመስመሩ መጨረሻ ኮማ እንዳትረሳ። አንድ ኮማ ከጎደለ ቢበር ቆሞ የመስመሩን ቁጥር ይነግረኛል፣ እኔም ለባለቤቴ የአንተን ስም እነግራታለሁ። በሽፋኑ ላይ ስምህ ከእኔ ይቅደም ወይስ ይከተል የሚለውንም ንገረኝ፤ በፊደል ተራ ከሆነ አንተ ትቀድማለህ፣ እኔም ቅር አይለኝም፣ እምብዛም።

ማተሚያ ቤቱ ረቂቁን የሚጠብቀው እስከ ወሩ መጨረሻ ስለሆነ የእናታችንን መልስ ከምንጮችህ አስቀድመህ ላክልኝ።

ወንድምህ