እማዬ፣ ትንፋሽሽን ለሐኪሙ ንገሪው

እማዬ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ናቲ የፊት ጥርሶቹ ወልቀዋል። ማክዳ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ «ጸ» እና «ፀ» ለምን ሁለት ሆኑ እያለች ታደርቀኛለች። መልስ ካለሽ ላኪልኝ።

በወረቀት የጻፍኩት ስልክ ላይ ስለማትያዢልኝ ነው። ስለ ማክሰኞው የጨጓራ ምርመራ (ኢንዶስኮፒ) ሳነሳ ስለ ልጆቹ ትጠይቂኛለሽ፣ ከዛ ካርድ አለቀ ትያለሽ። የምደውለው እኔ ነኝ እኮ፤ የምን ካርድ ነው የሚያልቀው? ሚሚ እንድታነብልሽም አልፈልግም። በመሠረተ ትምህርት የቆጠርሽው ፊደል ለዚህ ጊዜ ነው። መነጽርሽን አድርጊና ራስሽ አንብቢው።

ማደንዘዣ አልወስድም ማለትሽን ሰማሁ። «ተኝቼ ብቀርስ?» ብለሽ ሚሚን አስደነገጥሻት። በዚህ አልከራከርሽም። የሚያስተኛው መድኃኒት ትንፋሽ ያደክማል፤ በኢንዶስኮፒ ጊዜ ኦክስጅን ዝቅ የሚለው በአብዛኛው በእሱ ነው። አንቺ ጉሮሮሽ ላይ የሚያደነዝዝ ስፕሬይ ይነፉልሽና በግራ ጎንሽ ያስተኙሻል። ከዛ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍሽ ወደ ጨጓራሽ ያስገባሉ። ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ነቅቼ ነው የምመረመረው ብለሽ ግን አትዘናጊ። ቱቦው የሚያልፈው በአየር ቧንቧሽ አጠገብ ነው። ሲያቅለሸልሽሽ ሳታውቂው ትንፋሽሽን ትይዣለሽ። ውስጡን ለማየት ጨጓራሽን በአየር ይነፉታል፤ የተነፋ ሆድ ደግሞ ሳንባን ከታች ወደ ላይ ይገፋል። ሳንባው ጤነኛ ለሆነ ሰው ይሄ ብዙም አያሰጋም፤ ኦክስጅኑ ቢቀንስም ቱቦው ሲወጣ ይመለሳል። ዕድሜው ለገፋ፣ ሳንባው ወይም ልቡ ለደከመ ሰው ግን ሌላ ነው።

አንቺ ደግሞ ሳንባሽ ደህና አይደለም። አትቆጪኝ። ሚሚ በላከችው የጥምቀት ቪዲዮ ላይ አይቼሻለሁ። ሰው ሁሉ እያጨበጨበ ያልፋል፣ አንቺ አጥሩን ይዘሽ ቆመሻል። ትከሻሽ ከትንፋሽሽ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ስጠይቅሽ «ጉንፋን ነው» አልሽኝ። ከጥምቀት እስከ ፋሲካ የሚቆይ ጉንፋን የት አለ? ያ የምድጃው ጭስ ነው። መስኮት በሌለው ማድ ቤት ኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል እያነደድሽ ለሆቴሎቹ እንጀራ ስትጋግሪ ነው እኛ የተማርነው። ዕድሜ ይስጥልኝ ከማለት በቀር ምን እላለሁ? ሲጋራ ነክቶ የማያውቅ ሰው በጭስ ብቻ ሳንባው ይጎዳል። ሐኪሙ ግን ካልነገርሽው ከየት ያውቃል? የሚጠይቅሽ ስለ ቃርሽ ነው።

«ጉንፋን ነው» ስትይኝ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣብኛል። አባዬ ያረፈ ሰሞን ስደውል ድምፅሽ ተዘግቶ ነበር። ምን ሆንሽ ስልሽ «ጉንፋን ነው» አልሽኝ። አባዬስ ስልሽ «ተኝቷል» አልሽኝ። እኔም ሲነሳ ደውሉልኝ ብዬ ዘጋሁ። ከጀርባሽ የሰው ድምፅ ይሰማ ነበር፤ እንግዳ መጥቶ ነው አልሽ። ፈተናዋን ትጨርስ ተብሎ፣ አርባው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነው ሰዎቹ ሊነጋጋ ሲል በሬን ያንኳኩት። ሰው አገር ብቻዋን ናት ብላችሁ እንደሆነ ይገባኛል። በየቤቱ የሚደረግ ነው። ግን አሁንም ድረስ ያንገበግበኛል። እናንተ ድንኳን ጥላችሁ ስታለቅሱ እኔ እዚህ ሜሪላንድ የጓደኛዬ ልደት ላይ ኬክ ስቆርስ የተነሳሁትን ፎቶ ልኬላችኋለሁ። አንቺም አይተሽ «እንዴት አምሮብሻል» ብለሽኛል።

ከእንግዲህ ተኝቷል፣ ጉንፋን ነው የሚባል ነገር አልቀበልም።

ወደ ማክሰኞ እንመለስ። ጣትሽ ላይ እንደ ልብስ መቆንጠጫ ያለች ነገር ይሰኩልሻል። እኔም እዚህ ሌሊት ሌሊት በሽተኞቼ ጣት ላይ የምሰካት እሷን ነው። በደምሽ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በመቶኛ ታሳያለች። 95 እና ከዛ በላይ ጥሩ ነው፤ ደጋ ላይ ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። ከ90 በታች ከወረደ ግን ዝም ተብሎ አይታይም። በአፍንጫ ኦክስጅን ይሰጡሻል፣ ካስፈለገም ቱቦውን ያወጡታል። መሣሪያዋም ኦክስጅኑም ክፍሉ ውስጥ መኖራቸውን ሚሚ ከመግባትሽ በፊት ትጠይቅ። መጠየቅ ነውር አይደለም። እጅሽ ሁሌ ቀዝቃዛ ነው፤ ቀዝቃዛ ጣት ላይ ደግሞ በትክክል አታነብም። ጓንት አድርገሽ ሂጂ። ለሠርጉ የተቀባሽውን የጥፍር ቀለምም አስለቅቂ (ሰምቻለሁ!)። በጥቁር ቆዳ ላይ አንዳንዴ ቁጥሩን ከፍ አድርጋ ታሳያለች። ስለዚህ ቁጥሩ ደህና ነው ቢሉሽም፣ ትንፋሽ ካጠረሽ እጅሽን አንሺ። ቱቦው እያለ መናገር አትችዪም፤ እጅ ማንሳቱን አስቀድመሽ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሪ።

የዛን ዕለት ጠዋት ጠበሉን ተጠመቂ እንጂ አትጠጪ። ሆድሽ ባዶ ካልሆነ፣ ሲያስመልስሽ ወደ ሳንባሽ ሊገባ ይችላል። የንስሐ አባትሽም አይቆጡሽም። ጥርሱንም አውልቂው። የትኛውን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ሐኪሙ ለማንም አይናገርም። ቱቦው ሲገባ ምራቅሽን አትዋጪ፣ ይፍሰስ። ነጠላሽ ቢበላሽ ይታጠባል። በአፍንጫሽ ቀስ እያልሽ ተንፍሺ። ከወጣሽ በኋላም ጉሮሮሽ እስኪፈታ ቡና የለም።

ቀሚስሽ ለምን እንዲህ እንደሰፋሽ ሚሚን ጠይቄያት ዝም አለች። እሱን ዛሬ አልጽፍም።

ቪታሚኑንና የእግር ሹራቡን ይህን ደብዳቤ ከምታመጣልሽ ልጅ ተቀበዪ። ናሙና ከወሰዱ ውጤቱ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ሲመጣ ግን ጥሩም ቢሆን፣ ሌላም ቢሆን፣ ሥራ ላይ ናት ሳትዪ የሚሚን ስልክ ተቀብለሽ አንቺ ራስሽ ደውይልኝ። በዛው ቀን።

ልጅሽ