3 ነጥብ ተበልጦ «እየተመራ ነው» አይባልም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በምርጫ ሰሞን የሕዝብ አስተያየት ጥናት ስታወጡ ርዕሳችሁ ዘወትር «እገሌ እየመራ ነው» ይላል። 1,000 ሰው ተጠይቆ አንዱ ዕጩ 46፣ ሌላው 43 በመቶ ካገኙ ግን ይህን ለማለት የሚያበቃ መረጃ የለም።

በ1,000 ሰው ናሙና የስህተት ህዳጉ፣ ማለትም የጥናቱ ቁጥር ከእውነተኛው የሕዝብ አስተያየት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊርቅ የሚችልበት መጠን፣ 3 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ነው፤ እሱም ለእያንዳንዱ ቁጥር ለየብቻው ነው። አንዱ ዕጩ ያጣውን ሌላው ስለሚያገኘው፣ የልዩነታቸው ህዳግ እጥፍ ሆኖ ወደ 6 ነጥብ ይጠጋል። ስለዚህ 46 ያገኘው በ9 ነጥብ ሊቀድም፣ በ3 ነጥብም ሊቀደም ይችላል። ህዳጉን በግማሽ ለመቀነስ 4,000 ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ከ1,000ው መካከል 100 ወጣቶችን ነጥሎ «ወጣቱ ፊቱን አዞረ» ብሎ መጻፍ ነው፤ እዚያ ህዳጉ 10 ነጥብ ይደርሳል።

ይህ ስሌት የሚሠራውም መላሾቹ በዕጣ ከተመረጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት 10 ሚሊዮን ያህል መጠይቅ በትኖ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ፤ በፕሬዚዳንታዊው ምርጫ የሪፐብሊካኑ ዕጩ ላንደን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን 57 ለ43 እንደሚያሸንፍም ተነበየ። ሩዝቬልት 61 በመቶ ገደማ አግኝቶ አሸነፈ። አድራሻዎቹ በብዛት የተለቀሙት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ፣ ማለትም በጊዜው ደህና ኑሮ ከነበራቸው ሰዎች ነበር፤ መጠይቁን ሞልተው ለመመለስ የተጉትም ይበልጡን የሩዝቬልት ተቃዋሚዎች ነበሩ። በድረ ገጻችሁ «ድምፅ ይስጡ» እያላችሁ የምትሰበስቡት ቁጥርም በዚሁ ምክንያት የሕዝብ አስተያየት ተብሎ ሊወጣ አይገባም።

የጥያቄው አነጋገርም ውጤት ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 መጀመሪያ ላይ ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል፣ ሳዳም ሁሴንን ከሥልጣን ለማውረድ ወታደራዊ እርምጃ መውሰድን ይደግፉ እንደሆነ አሜሪካውያንን ሲጠይቅ 68 በመቶው ደገፉ። «በሺዎች የሚቆጠሩ የአሜሪካ ወታደሮች ቢሞቱ ወይም ቢቆስሉም» የሚል ሲታከልበት ደጋፊው 43 በመቶ ሆነ።

ጠያቂው ማን መስሎ መታየቱም ቀላል ጉዳይ አይደለም። በአፍሪካ አገሮች የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው አፍሮባሮሜትር በቃለ መጠይቁ ማብቂያ «ማን የላከን ይመስልዎታል?» ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። የመንግሥት ሰው መጣብኝ ብሎ የሚሰጋ መላሽ በልቡ ያለውን ላይናገር ይችላል።

«አልወሰንኩም» ያሉትንም አትጣሉ። በምሳሌዬ የቀሩት 11 በመቶ ያልወሰኑ ከሆኑ በዕጩዎቹ መካከል ካለው ልዩነት በብዙ ይበልጣሉ። እነሱን አውጥቶ መቶኛውን እንደገና ማስላት ደግሞ የሁለቱንም ዕጩዎች ድጋፍ ካለው በላይ ያሳብጠዋል።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ውጤት ጋር ማን እንደከፈለ፣ ስንት ሰው፣ መቼ፣ በስልክ ወይስ በአካል እንደተጠየቀ፣ ያልወሰኑት ስንት እንደሆኑና ጥያቄው ቃል በቃል ምን እንደሚል አትሙልን። አጥኚው ድርጅት ጥያቄውን አልሰጥም ካለ ውጤቱን አታውጡት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር