ለልጄ፦ ጆሮሽን ለመጨረሻው ባንድ አቆዪው

ሐዋሳ፣ ነሐሴ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ቅዳሜ ለባንዶቹ ፌስቲቫል ከጓደኞችሽ ጋር ወደ ሐዋሳ እንደምትመጪ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ባንድ እየተቀያየረ ሲጫወት መስማት ግን ዝግጅት ይፈልጋል። ብዙ ሰው ሦስተኛው ባንድ ላይ ጉልበቱ ያልቃል፣ ጆሮው ይደነዝዛል፤ የመጣለት ዋናው ባንድ ሲወጣ እሱ ዳር ተቀምጦ ስልክ ይነካካል። የምጽፍልሽ የመጨረሻውን ባንድ እንደ መጀመሪያው አጥርተሽ እንድትሰሚው ነው።

ከሁሉ በፊት የምትቆሚበትን ቦታ ምረጪ። ሰው ሁሉ ወደ መድረኩ ይጋፋል። እዚያ ዘፋኙን በቅርብ ታያለሽ፣ ዘፈኑን ግን በደንብ አትሰሚም። ትልልቆቹ ስፒከሮች ከፍ ተደርገው የሚሰቀሉት ድምፁ ከፊት ባለው ሰው አናት ላይ አልፎ ሜዳው ላይ እንዲያርፍ ነው። መድረኩ ጠርዝ ላይ ወደ ታች የሚያዩ ትንንሽ ስፒከሮች ካልተደረደሩ፣ አጥሩ ሥር ለቆመ ሰው የሚደርሰው በአብዛኛው ድራሙና ጊታሩ ከመድረክ በቀጥታ የሚያወጡት ድምፅ ነው፤ የዘፋኙ ቃል በዚያ ውስጥ ይጠፋል። ሜዳው መሃል በድንኳን ተከልሎ ሚክሰሩ፣ ማለት የድምፅ ማስተካከያው ሰሌዳ፣ የተቀመጠበትን ቦታ ፈልጊ። ባለሙያው ድምፁን የሚያስተካክለው እዚያ ቆሞ በሚሰማው ልክ ነው፤ ስለዚህ ከድንኳኑ ፊት አምስት ስድስት ሜትር ላይ ብትቆሚ እሱ የሚሰማውን ትሰሚያለሽ። ልክ መሃለኛው መስመር ላይ ግን አትቁሚ። ከግራና ከቀኝ የሚመጣው የሰብውፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ትልቅ ስፒከር) ድምፅ እዚያ መስመር ላይ እኩል ደርሶ ስለሚደመር ቤዙ ከልክ በላይ ይከብዳል፣ ደረትሽን ይመታሻል። ሁለት ሦስት ሜትር ወደ ጎን ፈቀቅ በይ፤ ልዩነቱን ራስሽ ታውቂዋለሽ።

በጣም ወደ ኋላም አትራቂ። ድምፅ በሰከንድ የሚጓዘው 340 ሜትር ገደማ ነው፤ ከመድረኩ 70 ሜትር ከራቅሽ የድራመሩ ዱላ ሲወርድ አይተሽ ድምፁ የሚደርስሽ ከሰከንድ አንድ አምስተኛ በኋላ ነው። ለኋለኛው ሰው ተብሎ ሜዳው ላይ ተጨማሪ ስፒከር ከተተከለ የእሱ ድምፅ በዚያው ልክ መዘግየት አለበት። ካልዘገየ እያንዳንዱ ቃል ሁለት ጊዜ ይሰማል። ያ ሲያጋጥምሽ ከተጨማሪው ስፒከር ራቂ፤ ማንም እስኪያስተካክለው አትጠብቂ።

ሌላው ፀሐይ ነው። ሐይቁ ያለው ከከተማው በስተምዕራብ ነው። መድረኩ ጀርባውን ለሐይቁ ከሰጠ እስከ 12 ሰዓት ተኩል ድረስ ፀሐይ ፊት ለፊትሽ ትሆናለች። ባለ ሰፊ ክፈፍ ባርኔጣ ያዢ፤ ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ደመና ያለ ቢመስልም ፀሐዩ ያቃጥላል።

አሁን ወደ ጆሮሽ። ይህን ነገር እንደ እናት ጭንቀት ብቻ አትይብኝ። የድምፅ ኃይል የሚለካው በዴሲቤል ነው፤ ለሥራ ቦታ በሚሰጠው ልክ 85 ዴሲቤል ላይ 8 ሰዓት መቆየት ይቻላል፤ ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት፣ 94 ላይ 1 ሰዓት እያለ 100 ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 ለሙዚቃ ዝግጅት ቦታዎች ያስቀመጠው ጣሪያ በ15 ደቂቃ አማካይ 100 ዴሲቤል ነው። ስለዚህ ጣሪያው ቢከበር እንኳ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ጆሮን ከፍቶ መዋል አይገባም። ጥጥ ወይም ሶፍት ጠቅልሎ መክተት አይረዳም፤ ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ይቀንሳል እንጂ አይከላከልም። የሥራ ደኅንነት ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ የስፖንጅ የጆሮ መድፈኛ ግዢ፤ አንዱ ጭቃ ላይ ቢወድቅብሽ እንዳትቸገሪ ሁለት ጥንድ ይሁን።

አደራረጉን ልብ በይ፤ ብዙ ሰው ጫፉን ብቻ አስገብቶ “አይሠራም” ይላል። በንጹሕ እጅ በሁለት ጣትሽ እያሽከረከርሽ እንደ ቀጭን ዘንግ እስኪሆን ጨምቂው። የቀኙን ስታስገቢ ግራ እጅሽን በራስሽ ላይ አሻግረሽ የጆሮሽን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቢ፤ ያኔ ቀዳዳው ቀጥ ይላል። ቶሎ ክተቺና እስኪነፋ 30 ሰከንድ ያህል በጣትሽ ያዢው። በትክክል ከገባ የራስሽ ድምፅ ወፍሮ ከውስጥሽ ይሰማሻል፤ ጓደኛሽ ከፊት ለፊት ስታይሽም ስፖንጁ ወጣ ብሎ አይታያትም። ስፖንጅ ከወፍራሙ ይልቅ ቀጭኑን ድምፅ አብልጦ ስለሚቀንስ የድራሙ ጸናጽል (ሲምባል) ጥራት ይጎድላል። ለሙዚቃ ተብሎ የሚሠራ፣ ሁሉንም ድምፅ በእኩል የሚቀንስ መድፈኛም አለ፤ ካገኘሽ እሱን ምረጪ። በባንዶቹ መካከል ደግሞ ከስፒከር ራቅ ብለሽ ጆሮሽን አሳርፊው።

ስለ ባንዶቹ አንድ ነገር እወቂ። በእንዲህ ያለ ዝግጅት ሳውንድ ቼክ፣ ማለት በር ከመከፈቱ በፊት የሚደረገው የድምፅ ሙከራ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚሠራው፦ መጨረሻ የሚጫወተው ባንድ መጀመሪያ፣ መጀመሪያ የሚጫወተው መጨረሻ። የከፋቹ ባንድ ዕቃ እንደተስተካከለ መድረክ ላይ ይቆይና በር ይከፈታል። የመሃሎቹ ባንዶች ይጎዳሉ። ሃያ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ድራሙ ይቀየራል፣ ገመዱ ይሰካል፣ እያንዳንዱ ማይክ “ቼክ፣ ቼክ” ተብሎ ይሞከርና ይገባሉ። ባለሙያው ሚዛኑን የሚያገኘው የመጀመሪያው ዘፈን እየተዘፈነ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ዘፈን አትፍረጂባቸው፣ ሁለተኛውን ጠብቂ። መሃል ላይ ጆሮ የሚሰነጥቅ ፉጨት ከመጣ ዘፋኙን እዪው፦ ወይ የማይኩን ራስ በመዳፉ ሸፍኖታል፣ ወይ ማይኩን ወደ ሞኒተሩ፣ ማለት መድረክ ላይ ለዘፋኙ ራሱ ወደሚያሰማው ስፒከር፣ አዙሮታል። ሞኒተሩ ያወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይክ ውስጥ ገብቶ እየዞረ ነው። ማይኩን ከሞኒተሩ ሲያዞረው ይቆማል።

ክራርና ከበሮ ላላቸው ባንዶች የምሽቱ አየር ፈተና ነው። ክራሩ ፀሐይ ላይ ቆይቶ አየሩ ሲቀዘቅዝ ቅኝቱ ይሸሻል፤ የከበሮው ቆዳ ደግሞ የሐይቁን እርጥበት ሲጠጣ ይላላና ድምፁ ይወርዳል። ክራር መቺው በዘፈን መካከል ጎንበስ ብሎ ሲቃኝ ሕዝቡ ቢያፏጭም አንቺ ታገሺው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው የሚቃኘው።

እንዴት ልስማ ብለሽ ከጠየቅሽኝ፣ ቤዙን ተከተይ። ዘፋኙን ሁሉም ይሰማዋል። ጭፈራውን የሚይዘው ግን ቤዝና ድራም ነው። የችክችካውን ምት እስከ ስድስት ብትቆጥሪው ሁለት ጊዜ ሦስትም፣ ሦስት ጊዜ ሁለትም ሆኖ ይሰማል፤ ድራመሩ በአንዱ ሲሄድ ቤዙ በሌላው ሊሄድ ይችላል፤ ውበቱ እዚያ ላይ ነው። ከመምጣትሽ በፊት የሮሃ ባንድን የካሴት ዘመን ሥራዎች ክፈቺና አንድ ጊዜ የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ብቻ፣ ሌላ ጊዜ የሰላም ስዩምን ጊታር ብቻ እየተከተልሽ ስሚ። ጆሮሽ ይህን ከለመደ ቅዳሜ የትኛው ባንድ አብሮ እንደሚተነፍስ፣ የትኛው የዘፋኙ አጃቢ ብቻ እንደሆነ ለመለየት አትቸገሪም።

ሐዋሳ ላይ የሲዳምኛ ዘፈን ሲነሳ ሜዳው ሁሉ አንድ ላይ ይነሳል። በጉዱማሌ አደባባይ በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ጨምበላላ ቄጣላ የሚባለው የአደባባይ ጭፈራ ሲጨፈር ያደገ ሕዝብ ነውና ዝም ብሎ አይቆምም፤ አንቺም ጨፍሪ። ግን መሃል ላይ ሆነሽ ሰው ከአራት አቅጣጫ ሲነካሽና እጅሽን ማንሳት ሲያቅትሽ ጊዜው የመውጫ ነው። እጆችሽን ደረትሽ ፊት አድርጊ፤ መተንፈሻ ቦታ ይሰጥሻል። ወደ ኋላ አትግፊ፤ ግፊያው ገፍቶ ጋብ ሲል በሰያፍ ወደ ዳር ሁለት ሁለት እርምጃ እያልሽ ውጪ። የወደቀ ስልክ ለማንሳት በፍጹም አታጎንብሺ።

ዝናቡ አይቀርም። ጠዋት ጠርቶ ከሰዓት በኋላ ደመናው ይከማቻል። ጃንጥላ የኋለኛውን ሰው ይጋርዳል፣ በር ላይም ሊከለክሉሽ ይችላሉ፤ የዝናብ ካፖርት ይዘሽ ነጭ ጫማሽን ቤት ተዪው። ዝናብ ብቻ ከሆነ ቁሚ። መብረቅ ካየሽ ግን ቁጠሪ፦ ብልጭታውና ነጎድጓዱ መካከል ያለው ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ከ30 ሰከንድ ካነሰ ሜዳውን ልቀቂ። ዛፍ ሥርና የመድረኩ ብረት አጠገብ ሳይሆን ቤት ወይም ጣሪያው ብረት የሆነ መኪና ውስጥ ግቢ፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትመለሺ።

ምግብን በሚመለከት፣ ጠዋት ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሄዳችሁ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ በዳጣ ብሉ። ጥሬውን ዓሣ ለሌላ ቀን አቆዩት፤ ሆድሽ ቢበጠብጥ ቀኑ ያልቃል። ውኃ በየባንዱ መካከል ትንሽ ትንሽ ጠጪ። መጸዳጃ ቤት ባንድ ሲጨርስ ሁሉም ስለሚሮጥ ሰልፉ ረጅም ነው፤ ባንዱ ሊጨርስ ሁለት ዘፈን ሲቀረው ሂጂ። ብዙ ሰው ሲሰበሰብ ኔትወርክ ስለሚጨናነቅ ከጓደኞችሽ ጋር ብትጠፋፉ የምትገናኙበትን ቦታ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ “መድረኩ ጋ” አይሁን፣ ከሜዳው ውጭ ያለ አንድ በር ይሁን። መደወል እምቢ ካለ አጭር የጽሑፍ መልእክት ላኪ፤ እሱ የማለፍ ዕድሉ የተሻለ ነው። ቪዲዮ ከፈለግሽ ግማሽ ደቂቃ ቀርጸሽ ስልኩን አስገቢው፤ የስልክ ማይክ ያንን ቤዝ አይችለውም፣ የተቀረጸው የተቀደደ ድምፅ ብቻ ነው የሚሆነው።

ሲያልቅ በሩ ላይ የቆመውን ባጃጅ አትያዙ፤ ዋጋውም ይጨምራል፣ መንገዱም ተዘግቶ ይቆያል። አብራችሁ ሆናችሁ መብራት ባለበት በኩል እስከ ዋናው አስፋልት በእግር ውጡና ዋጋ ተነጋግራችሁ ተሳፈሩ። እሁድ ጠዋት ጆሮሽ ቢጮህ ያን ቀን ኢርፎን አትጠቀሚ፤ ሰኞም ካልተወሽ ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን። በሩን አልቆልፈውም፣ ስትደርሺ ደውይ።

የምትወድሽ እናትሽ