ወቅታዊው ዋናተኛውን አይወስደውም

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። የላክሽልኝን ትርጉም አነበብኩት። ጥሩ ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። «ኃይለኛው ወቅታዊ ዋናተኛውን ወሰደው» ይላል። አንቺም ነገሩ ሳይሸትሽ አልቀረም። ከጎኑ «አባዬ፣ ይሄ ‹ወቅታዊ› ያልኩት ከረንት የሚባል የእንግሊዝኛ ቃል ስንት ትርጉም ነው ያለው?» ብለሽ ጽፈሻል።

እንዳታፍሪ። እኔም በወጣትነቴ አንድ ቅጽ ስሞላ «ከረንት አድሬስ» የሚል መስመር ገጠመኝ። ያኔ ለእኔ ከረንት ማለት ኮረንቲ ነው። የመብራት ቆጣሪያችንን ቁጥር አሳምሬ ጻፍኩላቸው። ቅጹን የተቀበለችኝ ሴት ቁጥሩን አየች፣ እኔን አየች፣ ደግማ ቁጥሩን አየች። «እዚህ ውስጥ ነው የምትኖረው?» አለችኝ።

ለነገሩ ጨርሶ አልተሳሳትኩም። ኮረንቲ ከጣልያንኛው «ኮሬንቴ» የመጣ ነው፤ እሱም የከረንት የሥጋ ዘመድ። ሁለቱም «ኩሬሬ» ከሚል የላቲን ግስ ይወለዳሉ። መሮጥ ማለት ነው። ኮሪደርም፣ ካሪኩለምም፣ ስክሪንሽ ላይ ብልጭ ድርግም የምትለው ከርሰርም የዚያው ቤት ልጆች ናቸው። እንግዲህ የእኔን መልስ ከፈለግሽ፣ የከረንት ትርጉሙ አንድ ነው፤ የሚሮጠው ነገር ነው የሚለያየው። ውሃ ሲሮጥ የወንዝና የባሕር፣ ቻርጅ ሲሮጥ የኤሌክትሪክ፣ ጊዜ ሲሮጥ «አሁን»። ገንዘብ ከእጅ እጅ ሲሮጥ ደግሞ ከረንሲ። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በአንድ ፊደል ብቻ የሚለየው፣ ዘቢብ የሆነው ከረንት ግን ዘመዳቸው አይደለም። እሱ ስሙን ያገኘው ከግሪኳ ቆሮንቶስ ነው።

ውሃውንና ኤሌክትሪኩን አንድ ሰው ላይ ታገኛቸዋለሽ። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ቤንጃሚን ፍራንክሊን የፖስታ ኃላፊ ሳለ፣ ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ የሚሄዱት የፖስታ መርከቦች ለምን እንደሚዘገዩ ግራ ገባው። ዘመዱ ቲሞቲ ፎልገር የመርከብ ካፒቴን ነበር። ዓሣ ነባሪ አዳኞች የሚያውቁትን ነገር ነገረው፦ መርከቦቹ ገልፍ ስትሪምን፣ ያንን ባሕር ውስጥ የሚሄድ ወንዝ፣ ፊት ለፊት እየታገሉ ነው። ሁለቱ ሆነው በ1760ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ካርታ አወጡለት። በኤሌክትሪኩ ግን ሰውዬው አልቀናውም። ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ የሚሉትን ስሞች የሰጠው እሱ ነው፤ የትኛው የቱ እንደሆነ የሰየመው ግን በግምት ነበር። ሽቦ ውስጥ የሚሄደው ቅንጣት፣ ኤሌክትሮን፣ በ1897 እ.ኤ.አ. ሲገኝ ኔጋቲቭ ሆኖ ቁጭ አለ። ይኸው ዛሬም ድረስ የከረንት ቀስት የሚሳለው ኤሌክትሮኖቹ ከሚሄዱበት በተቃራኒ ነው።

ሮጠ ሲባልም እንዳታምኚ። የእጅ ባትሪ ስታበሪ ሽቦው ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች በሰከንድ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞሉም። ቀንድ አውጣ ትቀድማቸዋለች። አምፖሉ ወዲያው የሚበራው ሽቦው ቀድሞውኑ በኤሌክትሮን የተሞላ ስለሆነ ነው። ውሃ የሞላውን ጎማ አስቢው። ቧንቧውን ስትከፍቺ መጀመሪያ የሚወጣው እዚያው ጫፉ ላይ የነበረው ውሃ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የእኛው ቋንቋ ነው። ለእነሱ ዓመቱ የሚሮጥ ነው፤ እኛ «በያዝነው ዓመት» እንላለን። ኮረንቲ ደግሞ ሰው ሲነካው «ያዘው» ነው የምንለው። አንዱን እንይዘዋለን፣ አንዱ ይይዘናል፤ የሚሮጥ የለም። የባንኩ ከረንት አካውንት ብቻ ነው «ተንቀሳቃሽ ሂሳብ» ሆኖ እንደ እነሱ የሄደው። ስለዚህ «ወቅታዊ»ን ለዜናው ተዪለት። «ከረንት ፓስዎርድ» ላይ ስትደርሺ «አሁን ያለው» በይ።

ወደ ዋናተኛሽ እንመለስ። «ሞገድ» ብለሽ እንዳታርሚው። ሞገድ ይነሳል፣ ይወድቃል፤ ከረንት ይሄዳል። «ውሃው ወሰደው» በይ፣ ይበቃል። ወሰደው ካልሽ መፍሰሱ እዚያው ውስጥ አለ። ቀጥሎ «ወደ ዳር ዋኘ» ያልሽው ግን አሳስቦኛል። ጽሑፉ የሚለው ከዳርቻው ጎን ለጎን ነው። ወደ ጥልቁ የሚጎትተው ከረንት ጠባብ ነው፤ ፊት ለፊት ከታገሉት ያደክማል፣ ወደ ጎን ከዋኙ ግን ያመልጡታል። ያንቺ ትርጉም እንዳለ ቢወጣ ሰው ያሰምጣል!

አራተኛው ገጽ ላይ ደግሞ «አንደርከረንት»ን ባዶ ትተሽዋል። የድርጅቱ ሠራተኞች ፊት ለፊት አልተናገሩም እንጂ ቅሬታ ነበራቸው የሚለው ቦታ። «ከሥር የሚፈስ» ምናምን ብለሽ አትልፊ። «ውስጥ ውስጡን» አለልሽ አይደል?

አባትሽ